ሐውልቱ ቆሟል፤ ውሃውስ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የት እንደሚውል ግን ተረቱ አይነግረንም። የንጉሥ ስም በፈረሰኛ ሐውልት፣ የጦር መሪ ስም በአደባባይ፣ የደራሲ ስም በመጽሐፉ ጀርባ ሲውል አይተናል። ዕድሜውን ለተቸገረ ሲሰጥ የኖረ ሰው ስምስ የት ይዋል? ባለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ሰጥተዋል፤ በመናፈሻ ወይም በአደባባይ መሐል የሚፈስ ውሃ፣ ከውሃው ጋር የተዋደደ ቅርፃ ቅርፅ። መልሱ መልካም ነው። ይሁንና ከእነዚህ መታሰቢያዎች ገሚሶቹ ከመቶ ዓመት በኋላም አላፊ አግዳሚውን ሲያጠጡ፣ ሌሎቹ የባለቤታቸውን ስም የማያውቅ ጎብኚ ፎቶ የሚነሣባቸው ጌጦች ሆነው ቀርተዋል። ለዚህ ልዩነት የቀራፂውን ችሎታ ወይም የድንጋዩን ዓይነት ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ልዩነቱ የመጣው መጀመሪያ ከተነሣው ጥያቄ ነው፤ «ምን ይምሰል?» ተባለ ወይስ «ለማን ምን ይስጥ?» ለሰጪ ሰው የሚቆም መታሰቢያ ራሱ ሰጪ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከምስሉ አስቀድሞ ውሃው፣ የውሃው ጠባቂና የጥገናው ገንዘብ ሊታሰብ ይገባል።

በጎ አድራጊን በውሃ የመዘከር ልማድ የተወለደው ከችግር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደን ድሃ ውሃ ጥም ሲይዘው ምርጫው ጠባብ ነበር። አንዱ ከቆሸሸ ፓምፕ መጠጣት፣ ሌላው መጠጥ ቤት ገብቶ ጥሙን በቢራ መቁረጥ ነው። በ1854 ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ሰው ሲፈጅ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት በካርታ እያሰፈረ መነሻው የብሮድ ስትሪት ፓምፕ መሆኑን አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ገርኒና ጓደኞቻቸው ንጹሕ ውሃ በነጻ የሚያጠጣ ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም የመጠጥ ውሃ ሆልቦርን በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ ከፈቱ። በ1862 ደግሞ የባንክ ወራሿ አንጀላ በርዴት ኩትስ በምሥራቅ ለንደን ድሆች መሐል በሚገኘው ቪክቶሪያ ፓርክ ዓምድና ጉልላት ያለው ትልቅ የመጠጥ ምንጭ አሠሩ። ነገሩ ሲገለጥ እኛ ቦኖ የምንለው ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ቦኖ ካባ የለበሰ መሆኑ ብቻ ነው። ካባው ቆንጆ ነበር፤ ሰው ግን የሚመጣው ለቦኖው ነበር።

ከዚህ ዘመን መታሰቢያዎች ሁሉ በዓለም የታወቀው በለንደን ፒካዲሊ አደባባይ የቆመው የሻፍትስበሪ ምንጭ ነው። ሰባተኛው የሻፍትስበሪ ጌታ፣ አንቶኒ አሽሊ ኩፐር፣ በ1885 ሲሞቱ ከኋላቸው የተዉት የሕግ ክምር ነበር። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ የከለከለው የ1842 ሕግ፣ ጥቀርሻ ለመጥረግ በጭስ ማውጫ ውስጥ የሚላኩ ሕፃናትን ስቃይ ያስቆመው የ1875 ሕግ፣ የፋብሪካ ሥራ ሰዓትን በቀን ወደ 10 ለማውረድ የተደረገው ረጅም ትግል ሁሉ የእርሳቸው አሻራ አለበት። ሐውልቱን እንዲሠራ የታዘዘው አልፍሬድ ጊልበርት የሰውየውን መልክ ኮት አልብሶ ማቆም አልፈለገም። በምትኩ አንቴሮስን፣ ብድር የማይጠብቅ ፍቅርን የሚወክለውን ክንፋም ቀስተኛ፣ በዚያ ጊዜ ለሐውልት እንግዳ ከነበረው አሉሚኒየም ሠራ፤ ከሥሩም የነሐስ ምንጭ አደረገለት። ሰኔ 29 ቀን 1893 ተመረቀ። እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ድንቅ ነው፤ ሐሳቡም ጥልቅ ነው።

እንደ ምንጭ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ችግር አላጣውም። ጊልበርት ሰፊ የውሃ ገንዳ አስቦ ነበር፤ የከተማው ባለሥልጣናት ግን ገንዳውን አጠበቡበት፤ ስለዚህም ውሃው እየተረጨ አላፊውን ያበሰብስ ጀመር። ለመጠጫ በሰንሰለት የታሰሩት ኩባያዎች ብዙም ሳይቆዩ ተሰረቁ። ለሥራው 3,000 ፓውንድ የተከፈለው ጊልበርት ወጪው 7,000 ገደማ ደረሰበት፤ በ1901 ኪሳራ አውጆ አገር ጥሎ ሄደ። ሕዝቡም አንቴሮስን ትቶ «ኤሮስ» አለው፤ የመስጠት ፍቅር መታሰቢያ በሕዝብ አፍ የወጣቶች ፍቅር ምልክት ሆነ። ሐውልቱ ከመሬት በታች ለሚያልፈው የባቡር ጣቢያ ሥራ በ1920ዎቹ ተነሥቶ ወደ ወንዝ ዳር መናፈሻ ሄደ፤ በ1931 ተመለሰ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዳግም ተነሥቶ በ1947 እንደገና ቆመ። ይህን ሁሉ ስደት ችሎ ያለፈው ቀስተኛው ነው። ዛሬ በደረጃዎቹ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ስንቱ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠረገላ ይጎትቱ ስለነበሩ ሕፃናት ያስባል? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት እዚህ ቦታውን ያገኛል። ጥምጥሙ አምሯል፤ ትምህርቱ ግን ቀረ።

በተቃራኒው የፓሪስን ምንጮች እንይ። ሪቻርድ ዋላስ በ1870 ከሄርትፎርድ ጌታ ታላቅ ሀብት የወረሱ እንግሊዛዊ ነበሩ። በዚያው ዓመት የፕሩስያ ጦር ፓሪስን ሲከብ ብዙ ባለጠጋ ሸሽቶ ሲወጣ እርሳቸው ቀሩ፤ ለሆስፒታልና ለምግብ ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ከበባውና ከዚያ የተከተለው የኮምዩን ግጭት ሲያበቃ የከተማዋ የውሃ መስመር ተጎድቶ፣ የውሃ ዋጋ ለድሃ ኪስ የማይቀመስ ሆኖ ነበር። ዋላስ በ1872 ለፓሪስ 50 የመጠጥ ምንጮች አበረከቱ። ቀራፂው ሻርል ኦጉስት ሌቡርግ አራት ሴቶች ጉልላት ተሸክመው የቆሙበትን ንድፍ ሠራ፤ ደግነትን፣ የዋህነትን፣ ምጽዋትንና ከመጠጥ መቆጠብን ይወክላሉ። ከቀለጠ ብረት በአንድ ቅርጽ እየተደጋገሙ ስለሚወጡ ዋጋቸው የሚቻል ነበር፤ ቁመታቸው ከሩቅ እንዲታይ፣ ግን እይታ እንዳይጋርድ ተመጠነ። የት እንደሚተከሉ የወሰነው ከተማው ነው፤ ውሃው የሚያስፈልገውን ሰፈር የሚያውቀው እርሱ ነበርና። እዚያም ኩባያዎች በሰንሰለት ታስረው ነበር፤ በ1952 ግን ለንጽሕና ሲባል ተነሡ፤ ምንጮቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ዛሬም ከመቶ በላይ የሚሆኑት በፓሪስ ጎዳናዎችና መናፈሻዎች ቆመው፣ ብርዱ ቱቦ እንዳያፈነዳ በክረምት ተዘግተው በጸደይ እየተከፈቱ፣ ሰው ያጠጣሉ። በላያቸው የዋላስ ምስል የለም። የፓሪስ ሰው ግን ምንጩን ራሱን «ዋላስ» ብሎ ይጠራዋል። መታሰቢያ ከዚህ በላይ ምን ሊመኝ ይችላል?

ይህን ስል የሚጠጣ ካልሆነ ውሃ አይባልም ማለቴ አይደለም። ኒው ዮርክ ማንሃተን ውስጥ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በሚገኘው ብራያንት ፓርክ፣ ቻርልስ ፕላት የነደፈው የግራናይት ፏፏቴ አለ። በ1912 የቆመው ለጆሴፊን ሾው ሎዌል መታሰቢያ ነው፤ በዚያች ከተማ ለሴት የቆመ የመጀመሪያው የአደባባይ መታሰቢያም ነው። ሎዌል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወንድማቸውንና ባላቸውን አጥተው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ከአንዲት ሕፃን ጋር የቀሩ ሴት ነበሩ። በ1876 በኒው ዮርክ ግዛት የበጎ አድራጎት ቦርድ የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1882 የከተማዋን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያስተባብር ማኅበር አቋቋሙ። በ1889 ግን ከቦርዱ ለቀው ወደ ሠራተኞች ጉዳይ ፊታቸውን አዞሩ፤ የሱቅ ሠራተኛ ሴቶች ደመወዝና ሰዓት እንዲሻሻል የገዢውን ኅሊና የሚቀሰቅስ የሸማቾች ማኅበር መሩ። ፏፏቴያቸው በ1930ዎቹ መናፈሻው እንደ አዲስ ሲቀረጽ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጫፍ ተዛወረ። የሚጠጣ ውሃ አይሰጥም፤ በሙቀት ጊዜ ቅዝቃዜን፣ በጫጫታው መሐል የውሃ ድምፅን፣ ለደከመው የመቀመጫ ጠርዝን ይሰጣል፤ ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን ቆመው ለሚውሉ ሴቶች ለተሟገቱ ሰው ይህ ተገቢ ስጦታ ነው። የጎደለው ታሪኩ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «የብራያንት ፓርክ ፏፏቴ» ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ለምን እንደሚፈስ የሚናገር ቃልም ያስፈልገዋል።

ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ የሚፈትን ምሳሌ ዲትሮይት ውስጥ አለ። ጄምስ ስኮት በ1910 ሲሞት ሀብቱን ለከተማዋ አውርሷል፤ በአንድ ሁኔታ። ቤል አይል በተባለው ደሴታማ መናፈሻ ውብ ፏፏቴ ይሠራ፤ የእርሱም ሙሉ ቁመት ሐውልት ከጎኑ ይኑር። ስኮት በቁማርና በተንኮል እንጂ በበጎ ሥራ የሚታወቅ ሰው ስላልነበር ካህናትና የከተማዋ ታዋቂ ሰዎች ተቃወሙ፤ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ ከተማዋ ገንዘቡን ተቀበለች፤ በኋላ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንጻ የነደፈው ካስ ጊልበርት ነጭ የእብነ በረድ ፏፏቴ ሠራ፤ በ1925 ተጠናቀቀ። የዲትሮይት ልጆች መቶ ዓመት ያህል ተደስተውበታል። አንድ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲያው መልካም ሰው መሆን ለምን ያስፈልጋል? ገንዘብ ካለ ስም ይገዛል» ሊል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አነብበታለሁ። ሕዝቡ የወደደው ውሃውን ነው፤ ሐውልቱ የስኮትን ስም አላደሰለትም፤ ዛሬም ስለ እርሱ ሲነገር መጀመሪያ የሚነሣው ያ ጭቅጭቅ ነው። ምስል ክብርን ሊገዛ አይችልም፤ ክብር ያለውን ሰው ብቻውን ሊያቆየውም አይችልም።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በግእዝ «ዘከረ» ማለት አሰበ ማለት ነው፤ ተዝካርም መታሰቢያ ነው። የኛ ሰው ግን ሙታኑን ሲያስብ ድንጋይ ከማቆም አስቀድሞ ድግስ አሰናድቶ፣ ካህኑንና ነዳዩን ያበላል። መታሰብ ማለት በሟቹ ስም ሌላው ጠግቦ መነሣቱ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ለሟች ነፍስ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ውሃ ማስጠጣት ከሰደቀቱል ጃሪያ ይቆጠራል፤ ቃሉ ራሱ ሳይቋረጥ የሚፈስ ምጽዋት ማለት ነው። ሁለቱም ልማዶች የሚሉት አንድ ነው፤ የሞተ ሰው የሚዘከረው መስጠቱ ሲቀጥል ነው። ተዝካር ተበድሮም ቢሆን ለታይታ ሲደገስ ቤተ ሰብ እንደሚያራቁት ሁሉ፣ መታሰቢያ ሐውልትም ለታይታ ሲሠራ ከተማን ያራቁታል፤ ያ ደግሞ የልማዱ መበላሸት እንጂ ልማዱ አይደለም።

ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው ከጥበብ ሰዎች ይመጣል፤ ሐውልትን በጥቅሙ መመዘን ጥበብን የቧንቧ ሠራተኛ ማድረግ ነው፤ የጊልበርት ቀስተኛ ማንንም ባያጠጣ እንኳ ዓይንን አጥግቧል ይላሉ። ትክክል ነው፤ ውበትም ስጦታ ነው። ግን ማንም ጊልበርትን ምንጭ ሥራ ብሎ አላስገደደውም፤ እርሱ ራሱ ውሃውን የሥራው አካል አድርጎ አስቦት ነበር፤ ገንዳው ሲጠብበት ያዘነውም ስለዚህ ነው። ውሃው በደንብ ቢታሰብለት ኖሮ የጥበብ ሥራው ይሞላ ነበር እንጂ አይጎድልም ነበር። ሌቡርግም ቀራፂ ነበር፤ አራቱ ሴቶቹ ውሃ ስለሚያጠጡ ውበታቸው አልቀነሰም። ጥበብና ጥቅም የሚጣሉት አንዱ ለሌላው ዘግይቶ ሲታሰብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመን ነው። ዛሬ ቧንቧ ቤት ገብቷል፤ የታሸገ ውሃም በየሱቁ አለ፤ የመንገድ ውሃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናፍቆት ነው ይባላል። ነገር ግን ቧንቧ ቤቱ የገባለት ሰው ሁሉ ቀኑን ቤቱ አይውልም። ሊስትሮው፣ ጥበቃው፣ ዕቃ አዟሪው፣ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ቀኑን ጎዳና ላይ ያሳልፋሉ፤ ለእነርሱ የታሸገ ውሃ በየቀኑ የሚወጣ ወጪ ነው፤ ለከተማው ደግሞ ጎርፍ መውረጃውን የሚደፍን ፕላስቲክ ነው። ቧንቧ የሞላባት ፓሪስ ዋላስን ነቅላ ያልጣለችው ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ በበጋ ሙቀት ነጻ ውሃ ጤና ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት፣ እናት በጀሪካን ወረፋ በምትይዝባት ከተማ ፏፏቴ ማቆም ስድብ አይሆንም ወይ? በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት በተከፈቱ ፓርኮች የውሃ ፏፏቴዎችን አይተናል፤ ጥያቄውም አብሮ ተነሥቷል። መልሱ ሁለት ነገሮችን ይለያል። የጌጥ ፏፏቴ ያንኑ ውሃ በፓምፕ እያዞረ ስለሚጠቀም ትልቁ ወጪው መብራት፣ ጽዳትና መለዋወጫ ነው፤ የመጠጥ ቧንቧ ደግሞ ሲከፈት ብቻ ስለሚፈስ የሚወስደው ውሃ ሰው የሚጠጣው ያህል ነው። የሚሰድበው የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ሲቆም ነው፤ ልጁ ሊጠጣ የማይፈቀድለት ውሃ ፊቱ ሲጨፍር። ከዚህም የባሰው ፓምፑ ተበላሽቶ፣ ገንዳው ደርቆ፣ ቆሻሻ ሞልቶት የሚታየው ነው። የደረቀ ምንጭ ከማይኖር ምንጭ ይልቅ ሟቹን ያዋርዳል፤ ደግነቱ ማለቁን ለአላፊ አግዳሚው ይመሰክርበታልና። ስለዚህ ለሐውልት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ለጥገና በቋሚነት መቀመጥ አለበት። ያ ካልተቻለ ትንሽ ይሠራ። ስድስት ወር ከሚጨፍር ትልቅ ፏፏቴ ይልቅ ስድሳ ዓመት የምታንጠባጥብ አንዲት ቧንቧ ትሻላለች።

አራተኛው ተቃውሞ ከፍትሕ ወገን የሚነሣ ነው። በጎ አድራጊን ማወደስ መንግሥት ያልሠራውን ሥራ መሸፈን፣ ድህነትንም የባለጠጋ ደግነት ማሳያ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። ይህን ተቃውሞ ግን የሚመልሱት ራሳቸው የተዘከሩት ሰዎች ናቸው። ሻፍትስበሪ ሕፃናቱን ከጉድጓድ ያወጡት ዳቦ በማደል ሳይሆን ሕግ በማስወጣት ነው። ሎዌልም ከምጽዋት ቦርድ ወደ ደመወዝ ጥያቄ የተሻገሩት ለድሃ ሥራ የሚገባውን ዋጋ መክፈል ከመርዳት እንደሚቀድም ስለገባቸው ነው። እንግዲህ መታሰቢያው ይህን መናገር አለበት። ድንጋዩ ላይ «ታላቅ በጎ አድራጊ» የሚል ማዕረግ ከሚጻፍ፣ ሰውየው የቀየሩት ሕግ፣ ያስቀሩት ግፍ፣ ያሳደጉት ልጅ በቀላል ቋንቋ፣ ሕፃን በሚያነብበት ከፍታ ቢጻፍ ይበልጣል። ውሃ ሊጠጣ የጎነበሰ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።

እኛም የምንዘክራቸው አሉን። ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ ከሞተች እናቷ ሥር ያገኟትን ሕፃን ይዘው የተመለሱት፣ ከዚያም በሺዎች ለሚቆጠሩ ልጆች እናት ሆነው የኖሩት አበበች ጎበና በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ነገ ለእርሳቸው ወይም ለመሰሎቻቸው በመናፈሻ መታሰቢያ እናቁም ሲባል ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠራው ቀራፂውን መሆን የለበትም። አስቀድሞ የውሃ መሐንዲሱን፣ የሰፈሩን ነዋሪና ገንዘብ ያዡን ይጥራ፤ እዚህ ቦታ ማን ይጠማል? ቧንቧው ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? በአሥረኛው ዓመት የጥገናው ገንዘብ ከየት ይወጣል? ብሎ ይጠይቅ። መልስ ሲገኝ ቀራፂው ይምጣ፤ ያን ጊዜ የሚያለብሰው ነገር አለው። ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። የመታሰቢያው ፈተና ግን ሪባኑ ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስማቸውን ሰምታ የማታውቅ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ስትከፍት ይመጣል። ውሃ ከወረደ አበበች ጎበና ሰጡ ማለት ነው።